ከርቲስን ያስመዘገበው ዴል አይደለም

ቬርና፣

ዛሬ ጠዋት በስልክ የሰደብሽው የቀድሞ ባልሽ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ በድንጋጤ ካልሞተ።

የግብር ቅጽሽ የተመለሰብሽ ዴል ቀድሞሽ ልጃችሁን በራሱ ቅጽ ላይ በጥገኛነት ስላስመዘገበ አይደለም። ጉዱ የራሱ የከርቲስ ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠርቶ ለሚያገኛት ደመወዝ የራሱን ቅጽ ሞልቶ፣ «የማንም ጥገኛ አይደለሁም» ብሎ ልኮታል።

ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሩ ጋ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ፊልም ሊዋስ መስሎኝ ነበር።

እሺ፣ አልመሰለኝም።

የማረሚያው ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ከርቲስ ካልፈረመ አይሆንም። ሳትጮሂ ለምኚው። ሕጉ ጉዳተኛ ልጅ ቢሸብትም ልጅ ነው ይላል፤ እሱ ግን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አንቺ ደግሞ ዛሬም ሥጋውን ቆርጠሽ ነው የምታቀርቢለት።

የበቆሎ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ነው። ሥራ ረፍዶብኛል።

እህትሽ ኦፓል

ይህንንም ስሚ፦ ልወጣ ስል፣ «የኔ ጌታ፣ እናትህ እኮ አንተን የማስተዳድረው እኔ ነኝ ብላ ለዋሽንግተን የግብር ሰዎች መጻፍ አለባት» ስለው፣ ካልሲውን ከማጠፍ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ትጻፍ። ጠዋት ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሳትም አብራ ትጻፍላቸው» አለኝ።