በሬን የዘጋሁ ሳምንት

ረቡዕ

ዛሬም ከገጽ አንድ ጀመርሁ። የሳይንሱን መጽሐፍ ገና ከመግለጤ «ቤቶች!» ተባለ። አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዱ ውኃ ሊጠጣ፣ አንዷ የልጇን ቁስል ልታሳየኝ። ጎረቤቴ እቴቴ ጥሩነሽማ ምንም አልፈለጉም። «እንዲያው ድምፅሽ ቢጠፋኝ» ብለው ተቀመጡ። ትናንት ማታ አብረን ነበርን!

ሰዉ ሲወጣ የት እንደ ደረስሁ ይጠፋኛል። እንደገና ከገጽ አንድ። «ሊቪንግ ቲንግስ ብሪዝ፣ ግሮው፣ ሙቭ»፤ ሕይወት ያለው ሁሉ ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ይንቀሳቀሳል። ይህን በሕልሜም አልስተው። ገጽ ሃያ ላይ ያለውን እግዜር ይወቀው።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሰኞ ይጀመራል። የማታ ተማሪ ስለሆንሁ ማንም አያዝንልኝም። ካለፍሁ የድሬሰር ትምህርት እገባለሁ፤ መርፌ ወጊ እሆናለሁ። ከወደቅሁ ጤና ጣቢያው ውስጥ መርፌ ስቀቅል አረጃለሁ። መርፌ መቀቀል ነውር አይደለም። ግን እኔ እየቀቀልሁ ሌላው ሲወጋ እስከ መቼ ልይ?

ሐሙስ

የዛሬውስ አያድርስ ነው። የአንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ አግኝቼ ነበር። ጠዋት ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝና በሬን ከውስጥ ቀረቀርሁት። ሰፈሩ «የለችም» ብሎ ይተወኛል አልሁ።

ሞኝ! እዚህ አገር በቀን በር የሚዘጋው ሰው ሲታመም ወይም ክፉ ነገር ሲመጣ መሆኑ እንዴት ጠፋኝ? መጀመሪያ እቴቴ ጥሩነሽ አንኳኩ። «ውባለም! አንች ውባለም!» ዝም አልሁ። ጥፋቴ ያ ዝምታ ነው። ወዲያው ውጭ ሹክሹክታ ተነሣ። «ትናንትም ፊቷ ልክ አልነበረም።» «ከአገሯ ከዲማ የእናቷ መርዶ መጥቶ እንደሆነስ?» ከዚያ አንዷ «ወይኔ እህቴን!» ብላ ለቅሶውን ለቀቀችው። ብከፍት ኀፍረት ነው፤ ባልከፍት በሩ ሊሰበር ነው። መጽሐፌን እንደያዝሁ ከፈትሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ ሁሉ ነበሩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ እቴቴ።

«እያጠናሁ ነው።»

«ለዚህ ብለሽ በር ዘጋሽብን? እኛ ሌባ ነን?» ብለው እንባቸውን እየጠረጉ ሄዱ። የቀሩት «ከመጣን አይቀር» ብለው ተቀመጡ። ምን አደርጋለሁ፣ ቆሎ ቆላሁላቸው። ፈቃዴ በዚህ አለቀ።

ዓርብ

እቴቴ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ባሏን ቀብራ ብቻዋን የምትኖር ሴት «ድምፅሽ ጠፋኝ» ብትል ምን ይገርማል? እኔ ግን በር ዘጋሁባቸው።

ከሥራ ስመለስ የእናቴ ወንድም መምሬ አላምረው ከዲማ መጥተው ደጄ ላይ ቁጭ ብለዋል። የመሬት ክርክር አለባቸው። ቀጠሯቸው መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? ሰኞ! እስከዚያ እንግዳዬ ናቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ግን እግራቸውን ሳጥብ እንባዬ መጣ። አዩኝና ጠየቁኝ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«እኔ ቤተ ክርስቲያን ዕጣን ሳጥን ኖርሁ፤ አንች ደግሞ ቤትሽ ስታጠኚ። የሚለየን ጭሱ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ። የዲማ ሰው ያለ ቅኔ እንግድነት አይመጣም። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ

መምሬ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ ሳይንሴን። ሰው ገባ፣ ወጣ፤ ገጽ አንድ። ሌላ ገባ፣ ወጣ፤ ገጽ አንድ። በመጨረሻ መምሬ ቀና ብለው «ሊቪንግ ቲንግስ ብሪዝ» አሉ። ክው አልሁ።

«ይችንስ በሰማሁት ብቻ እኔም ያዝኋት። ቀጥሎ ምን ይላል?»

«እዚያ አልደረስሁም። ያቆምሁበት እየጠፋኝ…»

«እኔ እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ብፁዕ ብእሲ› ብዬ ብጀምር ኖሮ እስከ ዛሬ ከሰኞ ዳዊት አልወጣም ነበር።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውም ጋ ሰው ሲገባ መስቀል ያሳልማሉ፣ ይመርቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። ከዚያ ዳዊታቸው ውስጥ ያለችውን ክር ይገልጡና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከጋቢያቸው ጫፍ ክር መዘው ሰጡኝ። መጽሐፌንም በጣታቸው ለሁለት ከፈሉት። «ይሄ የዛሬ፣ ይሄ የነገ። ዳዊትም በየቀኑ የተከፈለ ነው። የነገውን ዛሬ እንዳታይው፤ ያስደነግጥሻል።»

«ሒሳቡስ?»

«እሱን አውቀዋለሁ አላልሽኝም? የሚያውቁትን መፍራት ምን ይባላል!»

ሰዉ እንደ ልማዱ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። እኔም ክሬን እያደረግሁ ተነሣሁ፣ ክሬን እየገለጥሁ ተቀመጥሁ። ገጽ ሃያንም አየኋት! የደም ዝውውር ናት። ያን ያህል የፈራኋት ጤና ጣቢያ በየቀኑ የምሰማውን ኖሯል።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ መምሬ እቴቴ ጥሩነሽ ቤት ገብተው ቆዩ። ምን እንደ ተባባሉ አልነገሩኝም። ከምሳ በኋላ እቴቴ በርጩማቸውን ይዘው መጡና ደጄ ላይ ተቀመጡ። ሰንበት ነውና እንዝርት የለም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ብቻ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እቴቴ።»

«በርሽን አትዝጊ እንጂ! በሩ እኔ ነኝ።»

የመጣውን ሁሉ ይመልሱ ጀመር። «ወንፊት? ከኔ ቤት ውሰጂ። ውኃ? ወንዙ ደርቋል እንዴ!» እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ድምፅ ከእንግዶቹ ይብስ ነበር። ግን ታርቀውኛል፤ እንደዚያ ቀልሎኝ አንብቤ አላውቅም። ክሬ መጨረሻው ገጽ ላይ ናት።

ሰኞ

ዝናቡ የፈተናውን ክፍል ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ጃንሆይ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያዩናል። የሒሳቡ የመጀመሪያ ጥያቄ ጭራሽ ጠፋኝ። እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ደጋግሜ አነበብሁት። ከዚያ ክሯ ትዝ አለችኝ። በእርሳስ ነጥብ አድርጌበት አለፍሁ። ሌላውን ጨርሼ ስመለስ ያ ጥያቄ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ቀላል ነበር።

የመምሬ ክርክር ወደ መስከረም ተላልፏል። «እኔም ክር አድርጌበት ልሄድ ነው» አሉ።

ማክሰኞ

ሳይንሱንም ተፈተንሁ፤ አለቀ። የደም ዝውውር መጥቷል! «ሊቪንግ ቲንግስ» ግን ጨርሶ አልመጣም። ለመምሬ እንዳልነግራቸው በጠዋት ተነሥተው ወደ ዲማ ሄደዋል።

ማለፌን አላውቅም። ውጤቱ መቼ እንደሚመጣም አልነገሩንም። ብወድቅ እንኳ ወደ ገጽ አንድ አልመለስም። ቤቴ ገብቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ምንም ሳልፈራ በሬን ዘጋሁና ተጋደምሁ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ሰማሁ።

«ዝም በይ!» አሉ እቴቴ ጥሩነሽ። «አልሞተችም። ጨርሳ ነው።»

ተገላብጬ ተኛሁ።