ሰላጣዎ ላይ የነሰነስኩት

ጋሽ ብርሃኔ፣

ከሆስፒታል ሲመለሱ እኔ የለሁም። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ በእኔ ፈንታ የምትመጣው መቅደስ ታሙቅልዎ። ጨው የለውም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቤከን ቢትስ፣ የዚያን የአሳማ ሥጋ ጣዕም ያለው የሰላጣ ፍርፋሪ ጠርሙስ እንዳትጥለው ይንገሯት። ሁዳዴ ሲገባ «አንቺ ልጅ፣ በጾም አሳማ ልታበይኝ ነው?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እኔም ጽሑፉን አነበብኩልዎ፤ አኩሪ አተር ነው፣ ሥጋም ወተትም የለበትም። እውነት ነው። ያነበብኩት ግን ለጾሙ ብቻ ነበር።

ከዚያ ጽሑፍ በታች ያለውን ያየሁት አምቡላንሱ ከወሰደዎት በኋላ ነው። በአንድ ማንኪያ መቶ ሃያ ሚሊግራም ሶዲየም፤ ያው ጨው ማለት ነው። በየቀኑ አራት ማንኪያ እነሰንስልዎ ነበር፣ ደም ግፊትዎን እያወቅሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ ምን እንደሚበሉ ሲጠይቅዎት «ጾመኛ ነኝ፤ ቅጠልና ምስር» አሉ። የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ያሉትን ብቻ ተረጎምኩ።

ማክሰኞ ለቀጠሮ ሲሄዱ ጠርሙሱን ለሐኪሙ ያሳዩት። ሌላ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ይህን መጻፌ ስትሮኩ ሽባ ያደረገውን ቀኝ እጅዎን እንደማይመልሰው አውቃለሁ።

ቁልፌን ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ትቼዋለሁ። ማንኪያውን ከሳህኑ በስተግራ አስቀምጬልዎታለሁ።

ብሩክታዊት