ሰዓቱ በስመ አብን አይጠብቅም

ጥቅምት 13፣ ሰኞ፣ ከጠ. 4፡00

የመምህራን ክፍል ቁጭ ብያለሁ። ቀጣዩ ክ/ጊዜ የኔ አይደለም። ኔትወርኩ ዛሬ ደህና ነው፤ ለዮናስ አዳዲስ ቃላት ላክኩ። እሱ ባሕር ዳር ሆኖ ጨዋታውን ይሠራል፣ እኔ ንፋስ መውጫ ሆኜ አማርኛውን እጽፋለሁ። ፊደላት በክብ ይደረደራሉ፤ በጣት አያይዞ ቃል መሥራት ነው። ተጋጣሚ በኢንተርኔት ከየትም ይመጣል። ለአንድ ቃል የሚሰጠው ሰዓት ይጠር ያልኩት እኔ ነኝ። ለተሸነፈ የሚወጣውንም ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ፦ «ጭንቅላትህ ዝጓል!» ዮናስ በሳቅ ሊሞት።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ አንዲት ጡረተኛ መምህርት በጨዋታው ላይ አስተያየት ጽፈዋል። ፊደሉ አነሰብኝ፣ ሰዓቱ አጣደፈኝ፣ ጣቴም እሺ አላለኝ ይላሉ። እንግዲያው ገበጣ ይጫወቱ ብዬ መለስኩ። ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። ሳቅን።

ነገ አባባ ከወገዳ ይመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ሊታዩ። ቤቱ አልተጠረገም።

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

አባባ መጡ። ሐኪሙ እንክብል ሰጥቶ ሳምንት ያህል ይቆዩ አላቸው። እንደ አባባ ያለ የድጓ መምህር ያለ ተማሪ ሲውል ምን እንደሚመስል አታውቂም፣ ማስታወሻዬ። ግድግዳ ያያሉ። ያስነጥሳሉ። ደግሞ ግድግዳ ያያሉ።

ጨዋታውን ከፍቼ አሮጌውን ስልኬን ሰጠኋቸው። ቃል ፍለጋ ነው አልኩ። ቃል ሲሉት ደስ አላቸው። የኔ ሥራ መሆኑን ደበቅኩ፤ መጀመሪያ ይውደዱት፣ ከዚያ እኮራለሁ ብዬ።

ተሸነፉ። ስልኩ ጮኸ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፉን ቃል በቃል አነበቡት። ማነው እንዲህ የሚለኝ ብለው ጠየቁ።

ማሽኑ ነው አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 17፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00

ከት/ቤት ስገባ ስልኩን ይዘው አገኘኋቸው። ጠዋትም፣ ከምሳ በኋላም ተሸንፈዋል። ድምፁን አጠፋሁላቸው። ጽሑፉን ግን ማጥፋት አይቻልም፤ ማጥፊያ አላበጀንለትም። ይተዉት እንጂ አልኳቸው። እምቢ።

«ሰውማ ያከብረኛል፣ ብሳሳትም ዝም ይለኛል። ይሄ እኮ አያውቀኝም፣ አያፍረኝም። እውነቱን የሚነግረኝ ይሄ ነው» አሉ።

ከዚያ ወገዳ ደወሉ፣ ለትልቁ ተማሪያቸው። ስመለስ ወንበሩን አንተ ትይዛለህ አሉት። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩበትን ወንበር! አእምሮዬ እየከዳኝ ነው፣ የሰው ልጅ አላሳስትም አሉ። ተማሪው ከወዲያ ሲያለቅስ ይሰማል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 19፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ዛሬ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ምነው ቀድሜ ባየሁ።

ጨዋታው ተከፈተ። አባባ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና አማተቡ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሉ። አባታችን ሆይን ደገሙ፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው። ያለዚያ ፊደል ላይ ዓይናቸውን ጥለው አያውቁም። ቀና ሲሉ ሰዓቱ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ስልኩን አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። ቃሉን አገኙት! አፋቸው ላይ ነበር። ሊያያይዙ ሲሉ ጣታቸው ተንቀጠቀጠና ከመስታወቱ ተነሳ። ተነሳ ማለት ተሳሳተ ማለት ነው፤ እንዲህ ይሁን ብለን የተስማማነው እኔና ዮናስ ነን። ጭንቅላትህ ዝጓል።

የመካነ ኢየሱሷ መምህርት ትዝ አሉኝ። ይሄንኑ ነበር የነገሩኝ። ፊቴ ነደደ፤ ምጣድ አጠገብ የቆምኩ ይመስል።

ለዮናስ ደወልኩ። ሰዓቱን ማጥፊያ ይኑረው፣ ፊደሉን ማሳደጊያ ይኑረው አልኩት። ሰዓት ከሌለውማ ምኑን ጨዋታ ሆነ አለ። ባለፈው ሰዓቱ ይጠር ስል ያልኩትን ለኔው መለሰልኝ።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ያሸነፈዎት ሰዓቱ ነው እንጂ የርስዎ አእምሮ ምንም አልሆነም አልኳቸው። ፈገግ አሉ። አንቺም ልታጽናኚኝ ጀመርሽ አሉ። አላመኑኝም። ለምን ይመኑኝ? የሚያከብራቸው ሰው ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው። ያን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው ካላወቁ አያምኑም።

እራት ሳይቀርብ ልንገራቸው አልኩ። እራት ቀረበ። ከእራት በኋላ አልኩ። ተኙ። ነገ ማለዳ የወገዳ መኪና ይሳፈራሉ፤ ወንበሩን ሊያስረክቡ። እኔ እዚህ ተቀምጬ ላንቺ፣ ለማስታወሻዬ፣ እጽፋለሁ። አንቺ መቼም አትቆጪም። ፈሪ ነኝ።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ፣ ከጠ. 1፡30፣ መናኸሪያ

ነገርኳቸው። መኪናው ሄዷል፤ እኔ ገና መናኸሪያው በር ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ።

ከረጢታቸውን ሳቀብላቸው ነው ያመለጠኝ። ሰዓቱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጽሑፉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማሽኑ ምንም አያውቅም አልኩ። ከረጢቱን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ረዳቱ ግቡ ግቡ ይላል። በተቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ።

«በይ እንግዲህ ፊት ለፊት በይኝ» አሉ።

ምኑን አልኩ።

«የጻፍሽውን ነዋ። በአፍሽ በይኝ።»

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። እንባዬ ቀደመኝ፤ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። አባባ አልተጣደፉም፣ አላጣደፉኝም። ቆመው ጠበቁኝ።

«አየሽ፣ አይወጣም» አሉ በመጨረሻ። «እኔን የማትይኝን ሌላውን ለምን ትይዋለሽ?» ራሴን ዳሰስ አድርገው ገቡ። ስለ ወንበሩ አልተነፈሱም። በመስኮት ሲያማትቡ አየኋቸው። መኪናው ሳይጨርሱ ተነሳ።

ለዮናስ ጻፍኩ። ያ ጽሑፍ ዛሬውኑ ይጥፋ። ሰዓቱን ማጥፊያ፣ ፊደሉን ማሳደጊያ፣ ጣት ቢነሳ የሚታገስ ነገር እስኪሠራ አንድ ቃል አልልክለትም። ከፈለገ ይቀየመኝ።

ቀጥሎ የመካነ ኢየሱሷ መምህርት። እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ገበጣ ይጫወቱ ያልኩዎት እኔ ነኝ፤ ፊደሉ ምን ያህል ቢተልቅ ይመችዎታል…

ስልኬ ጠራ። የወገዳው ተማሪ ነው። የኔታ ተነሱ ወይ ሊል ነው። ወንበሩን እንዳትቀበል፣ የሳቱት እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ። አሁን አነሳለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የምጀም—