ጋላቢዎች ወደ ኮሶ ሜዳ ስለሚመለሱበት መንገድ ለጓድ ሊቀ መንበር የቀረበ ምክር

ነሐሴ 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ይግዛው በላቸው
የኮሶ ሜዳ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር
ላይ ጋይንት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ከወንበር ወደ ኮርቻ፣ ከኮርቻ ወደ ወንበር ሲመላለስ የሚደክመው ወገብዎስ? እኔ፣ በስብሰባ ላይ ስሙን እንዳንጠራ የመከሩን አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሹመትዎን ያዳብርልዎ።

ይህን የምጽፍልዎት የሟቹ የዳኘው አስናቀ እህት የሻረግ ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ በር ለበር እየዞሩ ከየማጀታችን ሲያስወጡን በሆዴ ሰድቤዎት ነበር፤ ዛሬ ግን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ መጻፍ ባላውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ እሞት ነበርና። ሂስ የአብዮት መድኃኒት ነው ብለው ያስተማሩንም እርስዎ ነዎት። መድኃኒቱ ይኸው ቀርቧል፤ እንደ ኮሶ ትንሽ ይመራል፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይዋጡት።

ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ገበያ መሐል በድምፅ ማጉያ ያስነገሩትን ሰምቻለሁ። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ከደብረ ታቦር እንግዶች ይመጣሉ፤ እርስዎም የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ፈረሰኛ በኮሶ ሜዳ አሰልፈው ሊያሳዩአቸው ቃል ገብተዋል፤ ሜዳውን ግን ሁለት ጥምቀት ሙሉ አንድ ፈረሰኛ አልረገጠውም። ስለዚህ ጋላቢው ለምን እንደራቀና በምን እንደሚመለስ የሚያውቅ ሁሉ ሐሳቡን ለሊቀ መንበሩ በግልጽ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። እኔ አውቃለሁ። በግልጽ ተብሏልና በግልጽ አቀርባለሁ፤ ምስጋናዬንም በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ስለ ጥር 1977ቱ ግልቢያ እናመሰግናለን። ከእርስዎ በፊት በኮሶ ሜዳ የሚቀድመው ፈጣን ፈረስ ያለው ሰው ነበር። ይህ ኋላ ቀር አሠራር መሆኑን የደረሱበት እርስዎ ነዎት። በቃና ዘገሊላ ዕለት በማኅበሩ አምባላይ ፈረስ ላይ ወጥተው ሊቀ መንበር መሪ ነው፣ መሪ ደግሞ ከፊት ነው ብለው ባወጁ ጊዜ፣ የስማዳዎቹ ልጓማቸውን እየሳቡ፣ የእስቴዎቹም ፈረሶቻቸውን በሆዳቸው ይቅርታ እየጠየቁ ከኋላዎ ቀሩ። ፈረስ ግን ስብሰባ አይገባም። የወንድሜ ፈረስ ቦራ፣ ያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አዋጁን ስላልሰማ አለፈዎት። ሲያልፍዎትም ኮቴው ያስነሳው አፈር ካኪ ልብስዎን ከአንገት እስከ ጉልበት አለበሰው። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ። እርስዎም በትልቅነትዎ ፈገግ ብለው የዳኘውን ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ጎበዝማ የሚያስፈልገው ለግንባር ነው» አሉት። ምርቃት መስሎን አሜን አልን።

2ኛ. ቃልዎን ስለመጠበቅዎ እናመሰግናለን። በመጋቢት የብሔራዊ ውትድርና ስም ሲነበብ የዳኘው ከሁሉ ቀድሞ ተጠራ፤ ለካስ ሊቀ መንበርን የቀደመ ሰው በሌላውም ነገር መቅደሙ አይቀርም። በሄደበት ቀን ቦራን ዘማቹ እስኪመለስ ማኅበሩ በአደራ ይጠብቀዋል ብለው ልጓሙን ከእጁ ተቀበሉት። ዳኘው የፈረሱን ግንባር እየዳበሰ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ገብሱን ማታ ማታ ነው የሚወድ፤ አደራዎትን» ሲልዎት አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አደራ በእኛ አገር ከባድ ሸክም ነበር፤ እርስዎ ግን ጀርባው ላይ ተቀምጠው አቀለሉት። እነሆ ቦራ ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎን ከስብሰባ ስብሰባ ያመላልሳል፤ የቀረውን ጊዜ ከቢሮዎ ጀርባ ታስሮ የማኅበሩን ጭድ ይበላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ያለው ሰው ይህን ቢሮ ያየ ይመስለኛል።

3ኛ. ስለ ለቅሶው። እዚህ ላይ ምስጋና ለማግኘት ብዙ ደከምኩ፤ አላገኘሁም፤ እንዲሁ ልንገርዎት።

ኅዳር 1978 የዳኘው መርዶ መጣ። እርስዎ እዚሁ ከእኛው መሐል ያደጉ ሰው ነዎት፤ ሆኖም ሹመት ያስረሳልና ወጉን ላስታውስዎት። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ጌጠኛው ልብሱ፣ ግላሱ፣ ተደርጎለት ወደ ለቅሶው ይመጣል፤ አንድ ሰው ልጓሙን ይዞ በለቀስተኛው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ያዞረዋል። ኮርቻው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ እዚያ ያለው ሟቹ ነውና። እሱን በኮርቻው ላይ እያየን፣ ስሙን እየጠራን እናለቅሳለን፤ ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ሰውየው ተሸኘ፣ ከሜዳው ወጣ ይባላል። ፈረሱ ያልዞረለት ጋላቢ ግን ገና ሜዳው ላይ ነው። እሱ ባለበት ሜዳ ሽምጥ መጋለብ በሬሳ ላይ መጋለብ ነው፤ ይህን ነውር የሚሠራ ፈረሰኛ ከጋይንት እስከ እስቴ አይገኝም።

እናቴ ወለተ ሚካኤል ቢሮዎ ድረስ መጥታ፣ ለአንድ ጧት ብቻ ቦራን እንዲሰጧት ተንበርክካ ለመነችዎት። የሰጧት መልስ እስከ ዛሬ በአገር ይነገራል፤ «ፈረስ ማዞር የፊውዳል ቅሪት ነው፤ ደግሞም ዛሬ ስብሰባ ስላለብኝ ፈረሱ ያስፈልገኛል» ነው ያሏት። አባትዎ አቶ በላቸው ሲሞቱ ግን ያ ጉራች ፈረሳቸው ሦስቱንም ዙር ዞሯል። እርስዎ መሬት ላይ ወድቀው ሲያለቅሱ ልጓሙን ይዞ ያዞረላቸው ማን እንደነበር ያስታውሳሉ? ዳኘው ነበር። ያን ጊዜ ቅሪት መሆኑን የነገረው ስላልነበረ ሳይሰለች፣ በቀስታ፣ እንደ ገዛ አባቱ አድርጎ ነው ያዞራቸው።

እኛም ፈረስ ስናጣ ኮርቻውን አጥሩ ላይ ጫንነው። እናቴ እርካቡን ይዛ አጥሩ ሥር አለቀሰች። ፈረሰኞቹ ከስማዳም ከእስቴም መጥተው ነበር፤ ይህን አዩ። ከስማዳ የመጡት ሽማግሌ ኮርቻውን በእጃቸው ዳበሱና፣ «እንግዲህ ልጁ ካልወጣ እኛም አንገባም» ብለው ፈረሳቸውን እየሳቡ ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጓድ ሊቀ መንበር፣ በድምፅ ማጉያ የሚያፈላልጉት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ አልወጣችም። የልጄ ፈረስ ሳይዞር ከሐዘን አልነሳም ብላ መሬት ላይ ትተኛለች። በዚህ ክረምት ክፉ ሳል ይዟታል። ሌሊት ስታስል በሰማኋት ቁጥር እርስዎን አስባለሁ፤ ምን እያልኩ እንደማስብዎት በደብዳቤ አይጻፍም። ለጥር ጥምቀት የምትደርስልኝ አይመስለኝም፤ የቸኮልኩት ለዚህ ነው።

4ኛ. ለሜዳው ስላደረጉት ጥረት ደግሞ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ያልቧጠጡት ዳገት የለም። መጀመሪያ ለሚጋልብ ሁሉ ከሕብረት ሱቅ ስኳር ይሰጣል አሉ፤ ስኳር ካየን ስለቆየን ሁላችንም ምራቃችንን ዋጥን፤ የመጣ ፈረስ ግን የለም። ቀጥለው ፈረስ እያለው የማይጋልብ ይቀጣል አሉ፤ በዚያው ሳምንት የጋይንት ፈረስ በሙሉ አነከሰ። የእንስሳት ሐኪም ድረስ አስመጥተው አስመረመሩ፤ ሐኪሙም በሽታው የሚነሳው ፈረሱ የማኅበሩን ሰው ሲያይ ብቻ መሆኑን ተረድቶ በመጣበት ተመለሰ። በመጨረሻም ከገበያ ሲመለስ ያገኙትን ጨው ነጋዴውን ጁነይዲን ከነጭነት በቅሎው ይዘው ለልምምድ አሰለፉት። «ጓዴ፣ ይች በቅሎ ጨው መሸከም ነው የለመደች፤ ሽምጥ የት ታውቅና» ቢልዎት አልሰሙትም። በቅሎዋ ደነበረች፣ ጨው ተበተነ፣ የአገሩ ከብት ሁሉ መጥቶ እስኪመሽ ሜዳውን ሲልስ ዋለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እውነቱን ለመናገር ግን ኮሶ ሜዳ በእርስዎ ዘመን ያን ያህል እንግዳ ተቀብሎ አያውቅም፤ በሪፖርትዎ ውስጥ ቢያስገቡት መልካም ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጁነይዲ ሙስሊም ነው፤ የእኛ የፈረስ ወግ አይመለከተውም። ሆኖም እርስዎ ሲገፈትሩት ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ጫማውን አወለቀና፣ «ዳኘው፣ በግድ ነው፤ ይቅር በለኝ» ብሎ ነው የገባው። እርስዎ ከቦራ ጀርባ ላይ ሆነው ይስቁ ነበር።

5ኛ፣ 6ኛ እያልኩ መቀጠል እችል ነበር፤ ነገር ግን የእንግዶችዎ ቀን እየቀረበ ነው፤ ወደ ምክሩ ልግባ።

ምክሬ አጭር ነው። ከበዓሉ በፊት ባለ በአንዱ ጧት፣ ቦራን ኮርቻው ባዶ እንደሆነ ጭነው ወደ ቤታችን ደጅ ያምጡት። ለቀስተኛውን እኔ እጠራለሁ። ልጓሙን እርስዎ ራስዎ ይዘው፣ በእግርዎ፣ ሦስት ጊዜ ያዙሩት፤ ዳኘው ለአባትዎ እንዳደረገው። እናቴ ታልቅስ፤ ከመሬትም ትነሳ። ከዚያ በኋላ ቦራ አደራ ስለሆነ እዚያው ይቀራል፤ እርስዎ ወደ ቢሮዎ በእግርዎ ይመለሳሉ፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ እናቴም ስትመጣ በእግሯ ነው የመጣችው። ይህን ካደረጉ የስማዳና የእስቴ ፈረሰኛ ሳይጠራ ይመጣል፤ የጋይንት ፈረስም ከማንከሱ በአንድ ሌሊት ይድናል፤ እንግዶችዎም ያጨበጭባሉ። ስኳሩ ለራስዎ ይቆይልዎ።

ይህ ደብዳቤ ያስቆጣዎት ይሆናል፤ ማሰር ከፈለጉም ስንቄን ቋጥሬ እየጠበቅሁ ነው። ወንድሜን ወስደዋል፣ ፈረሱን ወስደዋል፣ እኔን ጨምረው ቢወስዱ ቤታችን ለመጥረግ ይቀላል። ብቻ ደብዳቤውን አብረው ለማሰር እንዳይቸገሩ፣ ግልባጩን የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ፊደል ያስቆጠሯቸው ሴቶች ሁሉ እህላቸው እስኪፈጭ ድረስ ያነቡታል፤ አንዳንዶቹም በቃላቸው ይዘውታል። በማስተማርዎ ሊኮሩ ይገባል።

እርስዎ ደብዳቤዎን ሁሉ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ብለው ስለሚዘጉ እኔም እንዲሁ ልዘጋ አስቤ ነበር። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን ወንድሜ ቀድሞ ስለወሰደው፣ የተረፈውን ለእርስዎ ትቼ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከዓይኔ ቀና ብዬ፣ ለክቡርነትዎ የሚገባውን ሰላምታ ሁሉ አቀርባለሁ።

የአደራ ፈረስ ባለቤት፣ ያስተማሩኝን የማልረሳ ተማሪዎ፣
የሻረግ አስናቀ

ግልባጭ፦
ለስማዳና ለእስቴ ፈረሰኞች
ለጨው ነጋዴው ጁነይዲ፣ ለበቅሎዋም ጭምር
ለቦራ፣ ከቢሮው ጀርባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዳኘውን ኮርቻ ልኬልዎታለሁ፤ ቆዳው እንዳይቆረቁርዎት ቅቤ ቀብቼዋለሁ። በበዓሉ ዕለት ፈረሰኛውን እየመሩ በቦራ ላይ ሆነው በእንግዶቹ ፊት ሦስት ዙር እንደሚዞሩ በመርሐ ግብሩ ላይ አንብቤያለሁ፤ ምክሬን ካልተቀበሉ ሌላ ጋላቢ ስለማይመጣ የሚዞሩት ብቻዎን ነው። የሴቶች ማኅበር አባላትም አንዳችንም ሳንቀር ተገኝተን እልል እንድንል ታዘናል። እንገኛለን። እናቴንም በቃሬዛ ይዘናት እንመጣለን። ብቻ ቦራ ኮርቻ ተጭኖ ሦስት ጊዜ ሲዞር ስናይ እልልታው ከአፋችን ስለማይወጣ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ደረታችንን እየደቃን እንደ ወጋችን እናለቅሳለን፤ የምናለቅሰውም በኮርቻው ላይ ለምናየው ሰው ነው። አልቃሿ አዛለች ሙሾው ላይ እንዳትሳሳት፣ ስምዎን ከነአባትዎ አስጠንቼያታለሁ።