የጫማ ሰፊን ጫማ መደበቅ

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽ? ልብሽ እንዴት ነው? ያ ደረትሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ቀለል አለልሽ ወይ? እግርሽ ማታ ማታ ማበጡን ተወ? እንቅልፉስ? ምግቡስ ይበላልሻል? እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬም ከእኔው ጋር አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን አሁን ሊለየኝ አይከጅልም። "ደህና ነኝ" የምልሽ ግን ለወጉ አይደለም። እንዴት ደህና እንደሆንኩ ልነግርሽ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ባለፈው ስንደዋወል "ከአልጋዬም አልወርድ፣ ጫማዎቼን ሁሉ ለሰው ሰጠኋቸው፤ ከእንግዲህ የት ልሄድባቸው፣ ቀኔን እየጠበቅሁ ነው" አልሽኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ ስለ አየሩ ማውራት ቀጠልሽ። እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምሳዬን ሳልነካ መለስኩት። ተናደድኩብሽ፣ እትዬ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። እንግዲህ ቁጣዬን ችለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እኔ ቤት የሆነውን አልነገርኩሽም ነበር። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን በራዲዮ "አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ከቤት አይውጡ" ሲባል፣ አስተማሪው ልጄና ምራቴ ዘወር ብለው እኔን አዩ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ስኳር፣ ግፊት፤ ሁሉን አሟልቼ ተገኘሁ። መጀመሪያ ሱቄን ቆለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ግቢው ውስጥ ካለችው ክፍሌ ልወጣ ብል ጫማዬ ከበሩ ሥር የለም። ሁለቱም ጥንድ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ "አባዬ፣ ላንተው ብለን ነው" አለኝ። አስቢው፤ አርባ አምስት ዓመት ለሰው እግር ስሰፋ ኖሬ በስተርጅና ባዶ እግሬን ቀረሁ።

ክፋት የለባቸውም። ምራቴ ምግቤን በሰዓቱ በር ላይ አስቀምጣ አንኳኩታ ትሄዳለች። ልጄ በመስኮት እጁን ያወዛውዝልኛል። የክሊኒኳ ነርስ በየማክሰኞው ትደውልና "አባባ፣ ስኳርዎ ስንት ነው?" ትለኛለች፤ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ "ጎሽ" ብላ ትዘጋለች። ሁሉም ስለ ስኳሬ ይጠይቃል፤ ስለ እኔ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቀስ በቀስ መላጨት ተውኩ። ራዲዮኑን ዘጋሁ። የሰው ድምፅ ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። የስኳር መርፌዬን ዘጠኝ ቀን አልተወጋሁም። ረስቼ አይደለም፣ እያየሁት ነው የተውኩት። ለነርሷም ያማረ ያማረውን ቁጥር ከራሴ እየፈጠርኩ እሰጣት ነበር። ልሙት አላልኩም፤ መኖሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው የጠፋብኝ።

በአሥረኛው ቀን ባዶ እግሬን እስከ ግቢው በር ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ መንገዱን ለማየት ይሆናል። ስመለስ ሲሚንቶው ላይ ደም አየሁና "ማን ተጎዳ?" ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የራሴ ነበር። ስኳሩ እግሬን አደንዝዞት ጠርሙስ ሲቆርጠኝ አልተሰማኝም። ምራቴ ሮጣ መጣች፤ መራራቁንም ምኑንም ረስታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እግሬን ታቅፋ አለቀሰች። ሰው ሲነካኝ በአምስት ወር ውስጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ነርሷ ቤት ድረስ መጥታ ቁስሉን እያጠበች ሁሉን አወጣጣችኝ፤ የመርፌውንም፣ የግድግዳውንም። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ "የስኳር ሕመምተኛ ጫማ ይነጠቃል?" ስትለው የሚገባበት ጠፋው። ወዲያው ጫማዬን ሊያመጣ ተነሳ። "እሱን ተወው፤ የሱቄን ቁልፍ አምጣ" አልኩት። የጫማ ሰፊን ጫማ ደብቀው የሚያስቀሩት መስሏቸው ኖሯል!

ቁስሌ እስኪድን መሣሪያዬን ከሱቁ አስመጥቼ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ለራሴ ጫማ ሠራሁ። ሰፊ፣ ገበሩ ለስላሳ፣ ጣት የሚፋቅበት ስፌት የሌለው። መልክ የለውም፤ ልጄ "ጀልባ ነው" ብሎ ስቆበታል። አሁን ጠዋት ጠዋት፣ መንገዱ ገና ባዶ ሳለ፣ ጭምብሌን አድርጌ እስከ ተዘጋው ትምህርት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለምና በየቀኑ አንደኛ ነኝ። በሽታውን ንቄው አይደለም፤ ጎረቤታችንን አናጢውን በአንድ ሳምንት ወስዶታል። ከሰው እርቃለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ መርፌዬንም እወጋለሁ። ግን መጠንቀቅ ሌላ፣ በቁም መቀበር ሌላ። እሱን እምቢ ብያለሁ።

አንቺስ? ሠላሳ ዓመት ያዋለድሽ ሴት! ምጥ የያዛትን ሁሉ "ተነሺ፣ ተራመጂ፣ ተኝተሽ አይሆንም" እያልሽ ስንቷን ክንዷን ይዘሽ ኮሪደሩን አዙረሻታል? ዛሬ አንቺው ወደ ግድግዳ ዞረሽ ትተኚ? በእኔ ሞት! ቀኑ እንደሆነ ሲመጣ ቤትሽን አያጣውም፤ ምን ተኝተሽ ያስጠብቅሻል? ለሐኪምሽም ስለ ልብሽ ምት ብቻ ሳይሆን ልብሽ ስላዘነበት ነገር ንገሪው። ነውር አይደለም። እኔ ተናግሬ አልሞትኩም።

ጫማ ልሠራልሽ ነው። ቆዳውን መርጫለሁ፤ ቡናማ ነው፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ። የድሮ ልክሽን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን እግርሽ ያብጣልና አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ባዶ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። መሬት ላይ ይነጠፉና ቁሚባቸው፤ ዙሪያውን በእርሳስ ይሳልልሽ። ቁሚባቸው ነው ያልኩት። የተቀመጠ ሰው እግር ያጥራል፤ የተኛ ሰው እግርማ ክብደት ስላላረፈበት ጭራሽ ልክ የለውም። ተኝተሽ ያስለካሽ እንደሆነ መስመሩን አይቼ አውቃለሁ፤ ወረቀቱንም በመጣበት እመልሰዋለሁ።

ለልጅሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጫማሽን ስትሰጪ ዝም ብላ በማየቷ ተቀይሜያት ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ፤ እርሳሱን እሷ ትያዝ። አማችሽን ሹፌሩን ሰላም በይልኝ፤ ስትቆሚ ክንድሽን እሱ ይደግፍ። ልጄም ምራቴም እጅ ይነሱሻል። አንቺን ግን እኔ ዛሬ ሰላም የምልሽ ቆመሽ ከሆነ ብቻ ነው። ተነሺ፣ እትዬ።

ወንድምሽ ጫማ ሰፊው
ከመስኮቱ ሥር፣ ከሥራ ወንበሬ ላይ
ሐሙስ ጠዋት፣ በተዘጋን በስምንተኛው ወር