ያልደረስንበት ምዕራፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከቢሮዬ

የኔ ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? «ደህና ነኝ» የምትለዋ መልእክትሽ በየወሩ መጀመሪያ ትደርሰኛለች። ሁለት ቃል ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ሦስት ሆና አታውቅም። እኔም «ደስ ብሎኛል» ብዬ እመልሳለሁ። እናትና ልጅ አሥራ አራት ወር ሙሉ በአራት ቃል መኖራችን ጉድ ነው። ዛሬ ግን ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁና እንዳትሰለቺ። ብደውል አታነሺም፤ ብታነሺም ድምፅሽን ስሰማ የምለው ሁሉ ይጠፋብኛል።

እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። ክፍልሽ እንዳለ ነው። ለሰው ላከራየው ብዬ አንድ ሁለቴ አሰብኩና ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የትምህርት ክፍላችን ተሰብስቦ ለሶፍትዌር ምህንድስና መግቢያ ኮርስ አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ይመርጣል። አንዴ ከተመረጠ አምስት ዓመት አይነካም። መጽሐፍ መምረጥ ምን ያስጨንቃል እንዳትይኝ። የክሊኒኩን አደጋ ያጣራው ቦርድ ፊት የደበቅኩትን ነገር ዛሬ እዚያ ስብሰባ ላይ ማውጣት አለብኝ። ካላወጣሁት ያንቺ ስም እንደጠቆረ ይቀራል። ቁርስም አልወረደልኝም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት መጻሕፍት ተደርድረዋል። አንደኛውን ታውቂዋለሽ፤ እናንተ ተማሪዎቹ «ጡቡ» የምትሉት ነው፤ ሠላሳ አንድ ምዕራፍ፣ ዘጠኝ መቶ ገጽ። ሁለተኛው አዲስና ባለቀለም ነው። በየገጹ ሰዎች ሰሌዳ ዙሪያ ቆመው፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ፣ ወረቀት ይለጥፋሉ። ኮድ የሚባል ነገር ያየሁት ገጽ ሰማንያ ስድስት ላይ ስደርስ ነው። ሦስተኛው ለዓይን የማይሞላ፣ ሽፋኑ ግራጫ፣ ሁለት መቶ አርባ ገጽ ብቻ ነው። ገና በምዕራፍ አንድ ሌላ ሰው የጻፈውን አሮጌ ፕሮግራም ለተማሪው ይሰጠውና «ይህ ፕሮግራም ስህተት አለበት። ከመንካትህ በፊት ስህተቱን የሚያጋልጥ ፍተሻ ጻፍ» ይለዋል።

መጽሐፍ ስመርጥ ማውጫ አይቼ አልፈርድም፤ ያላማረ ማውጫ አይቼ አላውቅም። የምጠይቀው «ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ላይ ምን መሥራት ይችላል?» ብዬ ነው። ጡቡን የያዘ ሦስት ትርጓሜ ይሸመድዳል። ባለቀለሙን የያዘ ወረቀት ይለጥፋል። ግራጫውን የያዘ ግን የሰው ስህተት አድኖ ይይዛል። ሁለተኛው ጥያቄ «በአሥራ አራት ሳምንት ያልቃል ወይ?» የሚል ነው። ይህችን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ብያት ኖሬአለሁ።

ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን ታስታውሺዋለሽ? አታስታውሺውም፤ እንዴት ብለሽ ታስታውሺዋለሽ። ጡቡ ፍተሻን፣ ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚሞከርበትን ዘዴ፣ የወሸቀው እዚያ ነው። በየዓመቱ ምዝገባው ይዘገያል፣ መብራት ይጠፋል፣ የፈተናው ቀን ከታሰበው ቀድሞ ይመጣል። እኔም አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ ጠመኔዬን አስቀምጬ «የቀረውን በራሳችሁ አንብቡት፤ ፈተና ላይ አይመጣም» እላለሁ። ፈተና ላይ አይመጣም የተባለ ምዕራፍ ማን ያነባል? አንቺም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆነሽ እንደ ጓደኞችሽ ደብተርሽን አጠፍሽ። ክፍል ውስጥ «መምህር» እያልሽ ታከብሪኝ ነበር፤ ቤት ስንገባ ነበር የምትሰድቢኝ።

ከዚያ የሕፃናት ክሊኒኩ ቀጠረሽ። የሕፃኑን ክብደት ተቀብሎ የመድኃኒቱን መጠን የሚያሰላውን ፕሮግራም ብቻሽን ጻፍሽ። ነርሷ ስምንት ነጥብ አምስት ኪሎ ብላ ልታስገባ ነጥቧን ዘለለቻት፤ ሰማንያ አምስት ሆነ። ፕሮግራሙም ሰማንያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሲመጣበት ምንም ሳይመስለው አሥር እጥፍ አስልቶ አወጣ፤ እሷም ስክሪኑን አምና ሰጠች። የማይሆን ክብደት አስገብቶ የሚሞክር አንድ መስመር ፍተሻ ይበቃ ነበር። ልጁ ዘጠኝ ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ዳነ። ባለፈው ወር ከእናቱ ጋር መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ እጇን እያስለቀቀ እየሮጠ ያስቸግራታል። ይህን የነገረሽ ሰው እንደሌለ ስለማውቅ ነው የጻፍኩልሽ።

ቦርዱ «የኮርሱ መምህርት» ብሎ የጠራኝን ቀን እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ሰብሳቢው «ፍተሻ ተምራለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «መጽሐፉ ላይ አለ፤ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ» አልኩት። ጸሐፊዋ «ተምራለች» ብላ ጻፈች። የተማረችውን ችላ ብላለች ተብሎም በጤና ተቋማት ለአምስት ዓመት ፕሮግራም እንዳትሠሪ ተወሰነብሽ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። አሁን ሱቅ ውስጥ ዕቃ ትደረድሪያለሽ አሉ። ሥራ አይናቅም፤ ግን ያንቺን ጭንቅላት አውቀዋለሁና አንጀቴ ያርራል።

ትናንት ከሰዓት የጡቡን ቅጂዎች ልቆጥር ቤተ መጻሕፍት ወረድኩ። ሠራተኛዋ ማህተም ልትመታባቸው አሥራ ሁለቱንም በጎናቸው አጋድማቸው ነበር። የገጾቹን ጠርዝ አየሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣት ወዝ ጠቁሮ ይመጣና አምስት መቶ አርባ ገጽ አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። አሥራ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ሲሠራም በሁለት ዓይነት ወረቀት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ልሂድ።


ከቀኑ አሥር ሰዓት

ተመለስኩ። 

የክፍሉ ኃላፊ፣ ያ «ደወል» የምትሉት፣ አምስት ሰዓት ሲል በሩን ዘጋ። «በኔ በኩል ጡቡ ይቀጥል» አለ። «ስላይዱ አለ፣ ፈተናው አለ፣ አሥራ ሁለት ቅጂ አለ። ምን አጥተን ነው እንደገና የምንለፋው?» አዲስ የተቀጠረው ወጣት መምህር ደግሞ ባለቀለሙን እያገላበጠ «ይሄ ዘመናዊ ነው፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል» አለ። የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ ጋሪዋን ይዛ እንድትመጣ ነግሬያት ነበርና ስትገባ ተነሥቼ አሥራ ሁለቱን በጎናቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

ደወል አንዱን አንስቶ ነጩን በጣቱ ዳሰሰው። እሱም እኮ ይህን ኮርስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ተማሪዬ ነበር።

«ታዲያ ምዕራፉን ወደ መጀመሪያው አምጥተን ብናስተምረውስ?» አለ።

«አሥራ ስምንቱን ያላነበበ አሥራ ዘጠኙ አይገባውም። እንደዚያ አድርጎ ነው የጻፈው» አልኩትና የግራጫውን ምዕራፍ አንድ ከፍቼ ለወጣቱ መምህር አቀበልኩት። ለወጉ ያህል ነበር የተቀበለኝ። ከዚያ አገጩን ይዞ ያንን አሮጌ ፕሮግራም እያነበበ ቀረ። ስሙን ብንጠራው አይሰማም። በመጨረሻ «አገኘሁት! ሰባተኛው መስመር ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም ሳቅን። ግራጫው በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

ማሸነፌ ነው ያስፈራኝ። ደወል ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ «ምክንያቱን የቀድሞው መጽሐፍ አደረጃጀት ጉድለት ብለሽ ጻፊ» አላት። ሁሉም ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ልጄ፣ እኔም ሰበሰብኩ። ብዕሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ቦርሳዬን ዘጋሁ፣ ወንበሬንም ገፋሁ። ከቦርዱ «መጽሐፉ ላይ አለ» ብዬ ያመለጥኩት ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ «ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው» ተብሎልኝ ላመልጥ ነበር። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬ ኮሪደሩን ረግጧል።

«እንደዚያ አይጻፍ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። «መጽሐፉ ላይማ አለ። የዘለልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ፍተሻ አስተምሬ አላውቅም። የክሊኒኩን ፕሮግራም የጻፈችውንም ልጅ አላስተማርኳትም። ቦርዱ ሲጠይቀኝ የተማረች አስመስዬ ነው የመለስኩት።»

«መምህር፣ እስቲ ይቀመጡ» አለ ደወል ቀስ ብሎ። «ይሄ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ከዚህ ክፍል ይወጣል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት።»

«እንዲወጣ ብዬ ነው የምናገረው።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ታየዋለች። እሱ ያንን የዳሰሰውን መጽሐፍ ያያል። በኋላ «እንዳሉት ጻፊው» አላት።

ኮሌጁ ጉዳዩን እስኪያይ ድረስ ኮርሱ ከኔ ተነሥቷል። ግራጫውን የሚያስተምረው ያ ወጣት ነው። ለመጽሐፉ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቼ ታግዬለት ምዕራፍ አንድን ሌላ ሰው ሊያስተምረው ነው። ቀናሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ቃለ ጉባኤው እንደተፈረመ ቅጂውን ይዤ በቀጥታ ወደ ቦርዱ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ሁለቴ አነበበውና «እስከ ዛሬ ለምን ቆዩ?» አለኝ። ማህተም እንዲመታበት ቅጂውን ወደሱ ገፋሁለት።

ለሱ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። ያን ቀን ሰብሳቢው ሲጠይቀኝ ከመመለሴ በፊት ዞሬ አየሁሽ። አንቺ ራስሽን በትንሹ ነቀነቅሽ፤ «ተይው፣ እንዳትናገሪ» ማለትሽ ነበር። ስለ ሥራዬ አስበሽ ነው። ልጅ እናቴን ላትርፍ ብትል አያስወቅሳትም። እኔ ግን እሺ ብዬ ወሰድኩት፤ ያንቺን ዕድሜ ወስጄ የኔን ጡረታ አዳንኩበት። እናቴ አፈረችብኝ ብለሽ ይሆናል የሄድሽው። ያፈርኩት በራሴ ነው፤ ፊትሽን ማየት ከብዶኝ ነው ስትሄጂ ያልያዝኩሽ።

ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት ባለጉዳይዋ ራሷ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማመልከት አለባት ብሎኛል የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ። ቅጹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የቃለ ጉባኤው ቅጂም አለ። ቅጹ ላይ የምትፈርሚው ታች፣ በስተቀኝ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሞልቼዋለሁ። ልጄ፣ ለመፈረም እኔን ይቅር ማለት የለብሽም። ተናደሽም ፈርሚ፣ እየሰደብሽኝም ፈርሚ፣ ብቻ ፈርሚና በራስሽ ስም ላኪው። መልስ እንኳ ባትጽፊልኝ ከቦርዱ እሰማለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።

አይበቃኝም። ግን እችለዋለሁ።

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። ወደ ሥራሽ ይመልስሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ፣ በጻፍሽው ሁሉ ሕፃን ይዳንበት።

ያላስተማረችሽ መምህርትሽ፣
እናትሽ