የጋሽ ይርጋ መኪና ግንባር

የካቲት 4፣ ሰኞ
ሦስተኛው ላሜራ። የመጀመሪያው ጠበበ፣ ሁለተኛው የጋቢናውን ጣሪያ ነከሰ። ደብተሬ፣ እጄ አላርፍ ብሏል። ጋሽ ይርጋ ከደባርቅ ወደ ጎንደር እህል ይጭናሉ፤ ተሳቢም ይጎትታሉ። ጭነቱ ከጋቢናው በላይ ስለሚወጣ ንፋሱ ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ፍጥነት ስለጨመሩ ባሰ። አምና በዚህ ያለፈ አንድ ትልቅ መኪና ጋቢናው አናት ላይ ወደ ኋላ ያዘመመ ነገር ነበረው፤ ንፋሱን በጭነቱ ላይ ያሳልፋል። እሱን ነው በላሜራ በይጄ የምሠራው። ስሙን አላውቅም። ጋሽ ይርጋ «ግንባር» አሉት።

የካቲት 6፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ተገጠመ። መብራት ሄዶ ነበር። ቀለም ቀባሁት፤ አማረ። ጋሽ ይርጋ ዞረው ዞረው አዩት። ነገ ይጭናሉ። ሌላ የምጽፈው የለም።

የካቲት 8፣ ዓርብ
ተመለሱ። በሦስተኛ ማርሽ ይወጡት የነበረውን የኮሶዬን ዳገት በአራተኛ ወጡት። ናፍጣም ተርፏል። ሳይወርዱ በመስኮት ነው የነገሩኝ፣ እየሳቁ። ሁለት ሾፌሮች ለእኛም ሥራልን ብለው መጡ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምሳ አልበላሁም። የጋራዡን በር ቆልፌ ከፈትሁ፣ ቆልፌ ከፈትሁ።

የካቲት 11፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ከዳባት ተደወለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ንፋሱ ግንባሩን ገንጥሎ ወሰደው። ውሃ ተሸክመው በመንገዱ ዳር የሚሄዱ ሴት ነበሩ፣ ወይዘሮ ደስታ የሚባሉ። ሲወድቅ መታቸው። ክንዳቸው ተሰብሯል። በሕይወት አሉ። ጋሽ ይርጋን ፖሊስ ይዟቸዋል።
በሕይወት አሉ። ሁለቴ ጻፍሁት።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ
ደብተሬ፣ ረቡዕ ለት አንተንም ዋሸሁህ። መብራት ሲሄድ ግንባሩን የሚይዘው የግራው እግር ገና ግማሹ ነበር የተበየደው። ጋሽ ይርጋ አጠገቤ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ነገ ይሁን ማለት አፈርሁ። ክፍተቱን በቀለም ሸፈንሁት።
ዛሬ ባለቤታቸው እትዬ ዓለም መጡ። ጋሽ ይርጋ «ብሎኑን ማጥበቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ አሉ። አንተ አትጨነቅ አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑ ነው የመጡት። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ አንድ መስኮት ጀመርሁ፣ ተውሁት። መዶሻ ያዝሁ፣ አስቀመጥሁ። እስከ አምባራስ መንገድ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም።

የካቲት 14፣ ሐሙስ
ዳባት ደርሼ መጣሁ። ጋሽ ይርጋን በጣቢያው ግቢ አገኘኋቸው።
«ብሎኑ አይደለም፣ ጋሽ ይርጋ። ብየዳው ነው። ግማሹን ነው የበየድሁት» አልኋቸው።
«ታውቅ ነበር?» አሉኝ።
«አውቅ ነበር።»
«ለፖሊሱ ትናገራለህ። መጀመሪያ ግን ለሴትዮዋ።»
ወይዘሮ ደስታ ክንዳቸው ታስሮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነገርኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።
«ንፋስ ነው ብዬ ለእግዜር ትቼው ነበር» አሉ። «አሁን ሰው ሆነብኝ። ሰውን መተው ይከብዳል።»
ልሄድ ስል፣ «ጀሪካኑ ባዶ ነው» አሉኝ። ወደ ምንጩ ወርጄ ቀዳሁ። ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። አላመሰገኑኝም፤ በክፉም ዓይን አላዩኝም።
ለፖሊሱ ቃሌን ሰጠሁ። ጋሽ ይርጋን ለቀቋቸው፤ እኔ ሰኞ እንድቀርብ ተባለ። ከጋሽ ይርጋ ጋር በአንድ ጋቢና ተመለስን። እስከ ደባርቅ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። ስወርድ ብቻ፣ «ደኅና እደር» አሉኝ።

የካቲት 15፣ ዓርብ፣ ጧት
ሁለቱ ሾፌሮች መጡ። ግንባር እንደማልሠራላቸው ነገርኋቸው፤ ምክንያቱንም አልደበቅሁም። አንዱ ሳቀና ሄደ። ሁለተኛው አልሳቀም። «የኔን ተሳቢ መጎተቻ የበየድኸው አንተ አይደለህም ወይ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልሁት። ለልብሱ ሳይሳሳ አስፋልቱ ላይ ተንጋልሎ ከመኪናው ሥር ገባ። አቧራውን እያራገፈ ወጣ፤ ምን እንደሚያይ አያውቅም እኮ። እኔ ነኝ የማውቀው።
እስከ ሰኞ ሦስት ቀን አለኝ። የበየድሁትን ሁሉ እየዞርሁ አያለሁ። የትምህርት ቤቱን በር። የወፍጮ ቤቱን ደረጃ። የቤተ ክርስቲያኑን የውሃ ማማ። ከዚያ የ…
ሁለተኛው ሾፌር ነገ የሊማሊሞን ቁልቁለት ይወርዳል። የእሱ ተሳቢ ይቅደም።